ላይ ቤትና ታች ቤት፤ በጣና ዙሪያ ስለ እምነትና ስለ ሐሳብ ልዩነት

ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ከ30 ኪሎ ሜትር ጥቂት አልፎ የምትገኘው መራዊ የሰሜን ሜጫ ወረዳ ከተማ ናት፤ ሜጫም የኦሮሞ ነገድ ስም መሆኑን ያወቀ ሰው፣ ዛሬ አንድ ቋንቋና አንድ ሃይማኖት ብቻ ያለው መስሎ የሚታየው የዚህ አገር ባላገር ከስንት ምንጭ የተቀዳ እንደ ሆነ ለመገመት ሩቅ መሄድ አያሻውም። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ከአማራ ክልል ነዋሪ ከመቶው 82.5 ኦርቶዶክሳዊ፣ 17.2 ሙስሊም ሆኖ ሲገኝ ጴንጤ የሚባለው ወገን ከመቶው አንድ እንኳ አልሞላም። ቁጥሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚቈጥረው ሰው የተጠራበትን ስም እንጂ በአንዱ ስም ውስጥ ተሸፍኖ የሚኖረውን ልዩነት አይደለም።

በጣና ሐይቅ ዳር ከዚህም የጠለቀ ንብርብር አለ። የጣና ቂርቆስ መነኮሳት ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመሄዷ በፊት በደሴታቸው ብዙ ዘመን እንደ ተቀመጠች ይተርካሉ፤ የኦሪት መሥዋዕት ደም ይቀዳበት የነበረ ነው የሚሉትንም ድንጋይ ለእንግዳ ያሳያሉ። በሰከላ፣ በግሽ ዓባይ ምንጭ ላይ አገዎች ከብት እያረዱ ይሠዉ እንደ ነበር የአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን የካቶሊክ ሚሲዮናውያን፣ ኢየሱሳውያን፣ ጽፈዋል። ደንገል ቈርጠው ታንኳ የሚሠሩት ወይጦዎች ደግሞ ራሳቸውን ሙስሊም ብለው ሲጠሩ፣ የጉማሬ ሥጋ ትበላላችሁ ተብለው ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከማዕዱ አርቋቸው ኖሯል፤ በሃይማኖት የማይስማሙ ሁለት ጎረቤቶች ሦስተኛውን በመናቅ ሲስማሙ ማየት ለታሪክ ተመልካች አሳዛኝ ትምህርት ነው። የቤተ እስራኤልም ነገር እንዲሁ ነው፤ የደምቢያና የጎንደር ሰው እነርሱ በሠሩት ማረሻ እያረሰ፣ በሠሩት እንስራ ውሃ እየቀዳ ቡዳ ሲላቸው ከኖረ በኋላ፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከ14,000 የሚበልጡት በሁለት ቀን ውስጥ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተጓዙ።

መንግሥት ሃይማኖትን በአዋጅ አንድ ለማድረግ ያደረገው ታላቁ ሙከራም የተጀመረው በዚሁ ሐይቅ ዳር ነው። ዐፄ ሱስንዮስ በጎርጎራ ባስጠጓቸው ኢየሱሳውያን በነአባ ጴጥሮስ ፓኤዝ ስብከት ተስበው በ1614 ዓ.ም. ካቶሊክነታቸውን በግልጥ ካሳወቁና በኋላ የመጣው የካቶሊክ ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴስ ቀሳውስቱን እንደ ገና ልካን፣ ሕዝቡን እንደ ገና ላጥምቅ ካለ ወዲህ ባላገሩ በየአውራጃው ተነሣ፤ በሰኔ 1624 ዓ.ም. በወይና ደጋ ውጊያ ስምንት ሺህ ያህል የገዛ ሕዝባቸው እንደ ወደቀ ይነገራል፤ ንጉሡም ድል ካደረጉ በኋላ የአባቶችን ሃይማኖት መልሰው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ነገር ግን የተመለሰው ሃይማኖት እንጂ የሐሳብ ነጻነት አልነበረም። በ1660 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በጎንደር የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤል ከክርስቲያኑ ተለይተው በየሰፈራቸው እንዲኖሩ ፈረደ።

ጎጃምን ከሁሉ ይልቅ የሚመለከተው ግን ኢየሱሳውያኑ ጥለውት የሄዱት ጥያቄ ነው። ወልድ በሥጋ የተቀባው መቀባት ምን አደረገለት? ቅብዐቶች በመንፈስ ቅዱስ ቅባትነት የባሕርይ ልጅ ሆነ አሉ፤ ጸጋዎች የጸጋ ልጅ ሆነ ብለው ሦስት ልደት ቈጠሩ፤ ካራ የተባሉት ተዋሕዶዎች በተዋሕዶ ከበረ፣ ቅባቱም ራሱ ወልድ ነው አሉ። ለዛሬ አንባቢ የቃላት ጨዋታ ሊመስለው የሚችለው ይህ ክርክር ሁለት መቶ ዓመት ነገሥታትን ያሰለፈ፣ ገዳማትን የከፈለ፣ ደምም ያፈሰሰ ነበር፤ የሚያስገርመውም ቅብዐትና ካራ ሁለቱም በሁለት ልደት የሚያምኑ መሆናቸውና ጠባቸው እጅግ በቀጠነችው መስመር ላይ መክረሩ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከመንገሣቸው በፊት በ1846 ዓ.ም. በአምባ ጫራ ከአቡነ ሰላማ ጋር ሆነው፣ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ደግሞ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ነገሩን ለካራ ፈረዱ፤ በቦሩ ሜዳ የወሎ ሙስሊሞችም እንዲጠመቁ ታዘዘና ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ተባሉ። ሆኖም ወሎ ዛሬም ሰፊ የሙስሊም አገር ነው፤ ቅብዐትም በምሥራቅ ጎጃም፣ በሞጣና በብቸና በኩል፣ ዛሬ ድረስ አማኞች አሉት። ጉባኤው ክርክሩን ዘጋ እንጂ ልዩነቱን አልዘጋም።

እነሆ በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ስለዚህ አገር የተጻፉ ብዙ ሐተታዎች ችላ ይሉታልና። በጉባኤ አንዲት ቃል የማትታገሠው ያቺው ቤተ ክርስቲያን በትምህርት ቤቷ ልዩነትን በክብር የማኖር ሙሉ ሥርዓት ነበራት። የመጻሕፍት መምህር አንዱን ንባብ ከተረጐመ በኋላ «አንድም» ብሎ ሁለተኛውን፣ ደግሞ «አንድም» ብሎ ሦስተኛውን ያስከትላል፤ የፊተኛውንም አያፈርሰውም፤ ስሙም ከዚህ የተነሣ አንድምታ ተባለ። ትርጓሜው ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ ሁለት ሲሆን፣ ቅኔውም የጎንጅ፣ የዋሸራ፣ የዋድላ ተብሎ ይለያያል፤ ከእነዚህም ጎንጅና ዋሸራ በዚሁ በጎጃም ምድር ያሉ ናቸው። ዜማውም ቤተ ልሔም፣ ቆማ፣ አጫብር እያለ ይቀጥላል። ከዋሸራ የወጣ ተማሪ ቅኔ ለመቀጸል ወደ ጎንጅ ቢሄድ ከሃዲ አልተባለም፤ እንዲያውም ሁለት ቤት ያየ ተብሎ ተመሰገነ። እርግጥ ይህ ነጻነት የቤቱ ግድግዳ እስከሚደርስበት ብቻ ነበር፤ አንድምታው የሚፈቅደውን ብዛት ሃይማኖተ አበው የተባለው መጽሐፍ ይወስነዋል፤ ወይጦውም ሙስሊሙም በዚያ ጉባኤ ወንበር አልነበራቸውም።

የመንግሥት ሕግም ስለ ሃይማኖት ቀስ ብሎ ተለወጠ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 የእምነት ሥርዓትን ነጻነት ሰጥቶ በአንቀጽ 126 ኦርቶዶክስ ተዋሕዶን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አደረገ። በሚያዝያ 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች በአዲስ አበባ በታላቅ ሰልፍ እኩልነት ጠየቁ፤ ከዚያ በኋላ የእስልምና በዓላት በደርግ ዘመን ሕዝባዊ በዓላት ሆኑ፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 11 መንግሥትንና ሃይማኖትን ለየ፣ በአንቀጽ 27 የእምነትንና የአመለካከትን ነጻነት አጸና። ይህም ሆኖ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በሞጣ መስጊዶች ተቃጠሉ።

ልዩነትን ያለመታገሥ የጉባኤው ልማድ ከቤተ ክህነት ይልቅ በቤተ ፖለቲካ ሥር ሰዷል ቢባል ሐሰት አይሆንም። ሁለቱ የግራ ፓርቲዎች መኢሶንና ኢሕአፓ ከአንድ መጽሐፍ የተማሩ፣ አንድ ሶሻሊዝም የሚሉ ሲሆኑ፣ አንዱ ለደርግ ሂሳዊ ድጋፍ፣ ሌላው ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት በማለታቸው፣ ልክ እንደ ቅብዐትና ካራ በቀጭኗ መስመር ላይ ተጋደሉ፤ ደርግም ሁለቱንም በተራ በላ። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ተቃዋሚዎች የአዲስ አበባን ምክር ቤት ከአንድ ወንበር በስተቀር ቢያሸንፉም ሊረከቡት አልቻሉም፤ በ2007 ዓ.ም. 547ቱም የፓርላማ ወንበሮች ለገዥው ግንባርና ለአጋሮቹ ሆኑ፤ በባሕር ዳር የተመሠረተው የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ (አብን) በ2013 ዓ.ም. አምስት ወንበር አገኘ። ከሁለት ዓመት በኋላ የአማራ ክልል ጦርነት ውስጥ ገባ።

ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. በመራዊ ከተማ በመከላከያ ሠራዊትና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ከተደረገው ውጊያ በኋላ፣ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን እንዳስታወቀው፣ ፋኖን ትደግፋላችሁ የተባሉ ቢያንስ 45 ሲቪሎች በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች ከሕግ ውጭ ተገደሉ። ማግስቱ አስተርዮ ማርያም ነበረች።