በፕላስቲክ የተሸፈነው ጣውላ

በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ ዴድሃም ከተማ ውስጥ ያለው የፌርባንክስ ቤት አራት መቶ ዓመት ሊደፍን ጥቂት ቀርቶታል። በሰሜን አሜሪካ እስከ ዛሬ ከቆሙት የእንጨት ቤቶች ቀደምቱ እንደሆነ ይነገርለታል፤ ግድግዳው አሁንም ጣውላ ለብሷል። ከእሱ በኋላ የተሠሩ ብዙ ቤቶች ግን ይህ ዕድል አልገጠማቸውም። አሉሚኒየም ወይም ቪኒል የሚባለው ፕላስቲክ ተለብጦባቸዋል።

ልማዱ የተስፋፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ሻጮቹ ከእንግዲህ ቀለም መቀባት ቀረ ይሉ ነበር፤ በየጥቂት ዓመቱ መሰላል ላይ ወጥቶ ግድግዳ ሲፍቅ ለኖረ ባለቤት ይህ ትልቅ ተስፋ ነው። አሉሚኒየሙን ተከትሎ ቪኒሉ መጣ።

ግን ቀለሙ ለምን ተላጠ? በደንብ የተቀባ ቀለም ያለጊዜው የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ ውሃ ስላገኘው ነው። አሸንዳው ያፈስሳል፣ ወይም ከወጥ ቤትና ከመታጠቢያ ቤት የሚወጣው እንፋሎት በግድግዳው አልፎ ጣውላውን ያረጥበዋል። ልባሱ ውሃውን አያስቆመውም፤ ከዓይን ይሰውረዋል እንጂ። ጣውላው መበስበሱን፣ ምስጥ መግባቱን ባለቤቱ የሚያውቀው ምሰሶው ከተጎዳ በኋላ ሊሆን ይችላል።

ቪኒል ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲበርደው ይኮማተራል። አራት ሜትር የማይሞላ አንድ ቁራጭ በሙቀትና በብርድ ወራት መካከል ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ሊለዋወጥ ስለሚችል፣ ምስማሩ በሞላላው ቀዳዳ መሃል ላላ ተደርጎ ይመታል። ልባሱ ደልዳላ ገጽ ስለሚፈልግም ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ርብራብ ይመታል። በዚህ የተነሳ ግድግዳው ወደ ውጭ ይወጣል፤ ጎልቶ ይታይ የነበረው የመስኮት ክፈፍ ይሰምጣል። ለሥራ ያስቸገረ ጌጥ ካለ በመጋዝ ይቆረጣል። ከሁሉም የሚያሳዝነው ይህኛው ነው፤ ልባስ ይነሳል፣ የተጣለ ጌጥ ግን አይመለስም።

የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1979 አውጥቶ በ1984 ባሻሻለው ምክር፣ መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደመጣ ይፈለግ፣ የተጎዳው ጣውላ ብቻ ይቀየር ይላል። በጣውላው ምትክ ልባስ የሚታሰበው ጣውላው ከጥገና ሲያልፍ ነው፤ ያውም መጠኑና ገጹ ከቀድሞው ጋር ከተስማማ። ፋብሪካዎች በልባሱ ላይ የሚያትሙት ሻካራ የእንጨት መልክ እዚህ ላይ ይወድቃል፤ የጥንቱ ጣውላ ተልጎ፣ ለስልሶ፣ ቀለም የተቀባ ነበርና።

ልባሱን ያነሱ ባለቤቶች ከሥሩ ደህና ጣውላ ያገኙባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። የምስማሩ ቀዳዳ ይደፈናል፣ ግድግዳው ይቀባል። ጌጡ የነበረበት ቦታ በአሮጌው ቀለም ላይ ምልክቱ ስለሚቀር፣ አናጢው የአዲሱን ልክ ከዚያው ይወስዳል።