እሳት የገራው ጣውላ

ክረምት ሲገባ አልዘጋ የሚል፣ በበጋ ደግሞ በስንጥቁ ንፋስ የሚያስገባ በር ያላስቸገረው ቤት ጥቂት ነው። አናጢውን እንወቅሳለን፤ ጥፋቱ ግን ሁልጊዜ የእሱ አይደለም። እንጨት ተሰንጥቆ፣ ተልጎ፣ ቫርኒሽ ተቀብቶም ቢሆን ከአየሩ እርጥበት መሳቡንና መልሶ መስጠቱን አይተውም። ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ቢች የሚባለው የአውሮፓ ጠንካራ እንጨት ከእርጥብነቱ ጨርሶ እስኪደርቅ ድረስ በወርዱ ከ11 በመቶ በላይ ሊኮማተር ይችላል። 10 ሳንቲ ሜትር የነበረው ጣውላ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል አጣ ማለት ነው።

እንጨትን ማድረቅ ውሃውን ያወጣለታል፤ ጥሙን ግን አያወጣለትም። ጥሙን የሚቀንሰው ከማድረቂያው እጅግ ያለፈ ሙቀት ነው። አሜሪካዊው የእንጨት ተመራማሪ አልፍሬድ ስታም በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ይህን በሙከራ አሳይቷል። ዘዴውን በ1990ዎቹ ወደ ፋብሪካ ሥራ ያደረሱት ፊንላንዳውያን ናቸው። በአገሪቱ የቴክኖሎጂ ምርምር ማዕከል የዳበረው አሠራር ዛሬ «ቴርሞዉድ» በሚል ስም ይታወቃል።

ሥራው በሦስት ደረጃ ይካሄዳል። ጣውላው በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይደረደርና ሙቀቱ እስከ 130 ዲግሪ ሴልሺየስ ቀስ በቀስ እየጨመረ እርጥበቱ እስከ መጨረሻው ይወጣል። ከዚያ ሙቀቱ ወደ 200 ዲግሪ አካባቢ ይወጣና እዚያው ላይ 2 ወይም 3 ሰዓት ይቆያል። በዚህ ሙቀት እንጨቱ የማይቃጠለው ክፍሉ በእንፋሎት ስለሚሞላ ነው፤ እንፋሎቱ ኦክስጅኑን ያባርረዋል። በመጨረሻም ውሃ እየተረጨ ይቀዘቅዝና ጥቂት እርጥበት፣ ከ4 እስከ 7 በመቶ ያህል፣ ይመለስለታል።

በእነዚያ ሰዓታት እንጨቱ ውስጥ የሚሆነውን ለመረዳት የጭቃ ቤታችንን ማሰብ ይጠቅማል። እንጨት በዋናነት ከሦስት ነገሮች የተሠራ ነው፦ ሴሉሎስ፣ ሊግኒንና ሄሚሴሉሎስ። ሴሉሎስን እንደ ማገሩ፣ ሊግኒንን እንደ ጭቃው፣ ሄሚሴሉሎስን ደግሞ ሁለቱን እንደሚያያይዘው ጭድ እንቁጠራቸው። ውሃን አጥብቆ የሚይዘው በተለይ ይህ ጭድ ነው፤ ሙቀት ሲበረታ ቀድሞ የሚፈርሰውም እሱ ነው። ሲፈርስም የሆምጣጤ አሲድ ይወጣዋል፤ አሲዱ ደግሞ መፍረሱን ያፋጥናል። የጠንካራ እንጨቶች ሄሚሴሉሎስ ይህን አሲድ በብዛት ስለሚሰጥ ከጥድ ያነሰ ሙቀት ይበቃቸዋል። በፊንላንዳውያኑ ደንብ፣ ለውጭ አገልግሎት የሚውል ጥድ 212 ዲግሪ ሲደርስ ጠንካራው እንጨት በ200 ይቆማል።

ትርፉም ኪሳራውም የሚመጣው ከዚያው ከፈረሰው ጭድ ነው። ውሃ የሚይዘው ሲቀንስ ማበጡና መኮማተሩ ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ የሚያበሰብሱት ፈንገሶችም የለመዱትን ምግብና እርጥበት ያጣሉ። ነጣ ያለው አሽ የተባለ እንጨት እስከ ልቡ ድረስ የተቆላ ቡና መልክ ይይዛል። ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙም ስለሚቀንስ ፊንላንዳውያን ለሳውና (ለሙቀት መታጠቢያ) መቀመጫ አስፐንና አልደር የተባሉትን እንጨቶች በዚህ መንገድ አብስለው ይጠቀማሉ፤ ራቁት ገላ አያቃጥልም። በሌላ በኩል ማያያዣው የሳሳበት እንጨት ተሰባሪ ይሆናል። ከፍ ባለ ሙቀት የታከመ ጣውላ የመታጠፍ ጥንካሬው እስከ 30 በመቶ ሊቀንስ ይችላል።

ይህን አናጢው ገና በእጁ ሲይዘው ያውቀዋል። ጣውላው ቀለል ይላል፣ የጭስና የተቃጠለ ስኳር ሽታ አለው፣ ሲቆረጥ ሰጋቱራው እንደ ቡና ዱቄት ይደቅቃል። ሚስማር በቀጥታ ቢመታበት ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ መጀመሪያ በድሪል ይበሳና በማይዝግ ብረት ብሎን ይታሰራል፤ የቀረው አሲድ ተራውን ብረት ያዝገዋልና። ውሃ ያለበት ኮላም ወደ ውስጥ ቶሎ ስለማይገባ ታስሮ የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል።

ፓሌት በሚባለው የዕቃ መጫኛ የእንጨት መደብ ላይ የሚታተመው «ኤችቲ» የሚል ምልክት ግን ብዙዎችን ያሳስታል። እሱም በሙቀት መታከሙን ይናገራል፤ ነገር ግን የእንጨቱ ልብ 56 ዲግሪ ደርሶ 30 ደቂቃ መቆየቱን ብቻ ነው የሚያረጋግጠው። ተባይ ከአገር አገር እንዳይሻገር ነፍሳቱን ይገድላል፤ የእንጨቱን ጠባይ አይለውጥም። ከፓሌት የተሠራ ጠረጴዛ እንደ ማንኛውም እንጨት ያብጣል፣ ይጣመማል።

ስለዚህ ገዢ «በሙቀት የታከመ ነው» ሲባል «በስንት ዲግሪ?» ብሎ መጠየቅ አለበት፤ ቀጥሎም የት እንደሚያውለው ያስብ። ለበር፣ ለግድግዳ ልባስ፣ ለበረንዳ ወለል መልካም ነው፤ ፀሐይ ላይ ሳይቀባ ከዋለ ግን ቀለሙ ወደ ግራጫ ይሄዳል። መሬት ውስጥ መቀበር የለበትም፣ ምስጥንም ይከላከላል ተብሎ አይታመንም። ጣሪያ የሚሸከም ወራጅም አይሆንም። ለዚያ ሥራ ጭዱ ያልፈረሰ፣ በወጉ የደረቀ እንጨት ይፈለጋል።