መርከብ ላይ ያልወጣ ባሕረኛ

ከሞጆ በቆቃ በኩል ወደ መቂ የሚወርድ መንገደኛ ዓለም ጤና አካባቢ የሚያገኘው ሰፊ ውሃ የቆቃ ሐይቅ ነው፤ እሱም የአዋሽ ወንዝ ተገድቦ የተፈጠረ ነው። አዋሽ ራሱ ባሕር አይደርስም፣ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። በእንዲህ ያለ አገር ስለ ባሕረኛ ማውራት ቀልድ ሊመስል ይችላል። ይሁንና በ2011 ዓ.ም. የወጣው የመከላከያ ሠራዊት አዋጅ ባሕር ኃይልን ዳግም የሠራዊቱ አካል አድርጎታል። ታዲያ ባሕር ሳይኖር ባሕረኛ እንዴት ይሠራል? መልሱን ከክብር ዘብ ሰልፍ መጀመር ይቻላል።

በዋሽንግተን እ.ኤ.አ. በ1931 የተቋቋመ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የክብር ዘብ አለ። ከአባላቱ ብዙዎቹ መሠረታዊ ሥልጠና ጨርሰው በቀጥታ የሚመጡ፣ መርከብ ላይ ገና ያላገለገሉ ወጣቶች ናቸው። እንግዳ ይቀበላሉ፣ ሰንደቅ ዓላማ ይይዛሉ፣ በአርሊንግተን መቃብር የሟች ባልደረቦቻቸውን ሬሳ ይሸከማሉ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 1963 የፕሬዚዳንት ኬኔዲን ሬሳ ሳጥን ከተሸከሙት ከየጦር ክፍሉ የተውጣጡ ወታደሮች መካከል ባሕረኞች ነበሩ። ከአስከሬኑ ኋላ በእግር ካዘገሙት የአገር መሪዎች አንዱ ደግሞ አፄ ኃይለ ሥላሴ ናቸው።

እንዲህ ያለውን ሰልፍ ቀጥ የሚያደርገው ማን ነው? ትእዛዙን የሚሰጠው መኮንን ሊሆን ይችላል፤ ጫማውን፣ ቀበቶውን፣ እርምጃውን የሚያየው ግን የበታች ሹሙ ነው። በእኛም ሠራዊት ሃምሳ አለቃና ሻለቃ ባሻ የሚፈሩትም የሚወደዱትም በዚሁ ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1967 ከበታች ሹሞቹ አንዱን የሁሉም የበላይ አድርጎ ሾመ። የመጀመሪያው ተሿሚ ዴልበርት ብላክ ፐርል ሃርበር ሲደበደብ «ሜሪላንድ» በተባለው የጦር መርከብ ላይ የነበሩ ሰው ናቸው።

በዚህ ደረጃ ያለ ሰው በክብር ዘቡ ፊት ሲቆም ከአገር ፍቅር ቢጀምር ጆሮ የሚሰጠው ጥቂት ይመስለኛል። ከጉልበት ቢጀምር ይሻላል። ጉልበቱን ገትሮ ረጅም ሰዓት በተጠንቀቅ የቆመ ሰው ደሙ ወደ እግሩ ወርዶ ይቀርና ወደ አንጎሉ የሚደርሰው ያንሳል፤ ድንገት ይወድቃል። ስለዚህ ጉልበትን ትንሽ ማላላት፣ በጫማው ውስጥ ጣቶችን ማንቀሳቀስ፣ ከሰልፍ በፊት ውሃ መጠጣት፣ ቁርስ አለመዝለል ያስፈልጋል። ይህን የሚያውቀው ራሱ ቆሞ ያየ ሰው ነው፤ ወጣቶቹም ወዲያው ይለዩታል።

ከዚያ በኋላ ከባዱ ጥያቄ ይመጣል፤ «ለባሕር ተመዝግቤ ጫማ ሳጸዳ እውላለሁ» የሚል ወጣት አይጠፋም። መልሱ ከቀብሩ ቦታ ይገኛል። በአሜሪካ ሕግ መብቱ ያለው የቀድሞ ወታደር ሲቀበር ቤተሰቡ ከጠየቀ ቢያንስ ሁለት ወታደሮች ተገኝተው ሰንደቁን አጥፈው ለቤተሰቡ ያስረክባሉ፣ የስንብት ጥሩንባም ይሰማል። ከሁለቱ አንዱ ሟቹ ካገለገለበት የጦር ክፍል መሆን አለበት። ባሕርን አይታ የማታውቅ የባሕረኛ መበለት ባሕር ኃይሉን የምታውቀው በዚያ ወጣት ነጭ ጓንት ነው። ሰንደቁ ተጨማድዶ ከደረሳት ሌላ ቀን የሚታረም ነገር የለም።

እኛም ይህን ሥርዓት እናውቀው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1955 የተመሠረተው የንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል ምጽዋ ላይ በየዓመቱ የባሕር ኃይል በዓል ያከብር ነበር። የአሜሪካና የሶቪየት የጦር መርከቦች በአንድ ወደብ የሚገናኙበት፣ ንጉሡ የሚገኙበት በዓል ነበር፤ በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1991 ባሕር ኃይሉ ከወደቦቹ ወጣ፣ መርከቦቹም ወደ የመንና ወደ ጂቡቲ ተበተኑ፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ተቋሙ ፈረሰ። እ.ኤ.አ. በ1991 የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ባሕረኛ ዛሬ ሃምሳዎቹን አጋምሷል። አዲሱ ባሕር ኃይል የበታች ሹም የሚያፈራው ከመጽሐፍ ብቻ ካልሆነ፣ መጠራት ያለባቸው እነዚህ ሰዎች ናቸው፤ ለንግግር ብቻ ሳይሆን ከምልምሉ ጋር ሜዳ ላይ እንዲቆሙ።