ጉግስ፦ የሚሸሸውን እዩ

ጉግስ በሁለት ጎራ የተከፈሉ ፈረሰኞች የሚጫወቱት የጦርነት ጨዋታ ነው። አንዱ ወገን ይሸሻል፣ ሌላው ያባርራል። አባራሪው በጦር ፈንታ ዘንግ ይወረውራል፣ ተባራሪው በጋሻው ይመክታል፤ ከዚያ ተራው ይገለበጣል። ይህን ያህሉን ሁሉም ያውቃል።

ቦሌ ያሉ ወጣት ወዳጆቼ ግን ጥሩር ለብሰው እንደ ጥንት የአውሮፓ ባላባቶች የሚፋለሙ ሰዎችን በስልካቸው እያሳዩኝ፣ «ምነው እኛም አገር በኖረ!» ይሉኛል። እንዲህ ያለ ፍልሚያ የሚያካሂደው፣ በ1966 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ በርክሌይ የተጀመረው «ሶሳይቲ ፎር ክሪኤቲቭ አናክሮኒዝም» የሚደነቅ ማኅበር ነው፤ አባላቱ የሚመታቱት ከራታን በተሠራ የእንጨት ሰይፍ ነው። እነሱ ግን ዳግም ያስነሡት የተቋረጠውን ነው። ጉግስ አልተቋረጠም። ልጆቼ፣ በጥምቀት ሰሞን ስድስት ኪሎ ወርዳችሁ ጃን ሜዳ ግቡ!

ስትገቡ ደግሞ ዓይናችሁን አባራሪው ላይ አትትከሉ። ተመልካቹ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ዘንጉ ሲወረወር ያጨበጭባል፣ የሚሸሸውን እንደ ተሸናፊ ይቆጥረዋል። ትልቁ ጥበብ ያለው ግን ከሚሸሸው ዘንድ ነው።

ነገሩን ላስረዳ። ከሚጋልብ ፈረስ ላይ የተወረወረ ዘንግ የክንዱን ኃይል ብቻ ሳይሆን የፈረሱንም ፍጥነት ይዞ ይመጣል። ተባራሪው በዚያው ፍጥነት ወደፊት እየጋለበ ከሆነ ግን የፈረሱ ፍጥነት ይጣፋል፤ የሚደርስበት የክንዱ ጉልበት ብቻ ነው። ፈርቶ ልጓም የሳበ ዕለት ምቱ ይበረታበታል። ስለዚህ ዋናው መከላከያ አለመዘግየት ነው። ችግሩ፣ ዘንጉን ለመመከት ወደ ኋላ መዞር አለበት፤ ዞሮ ፈረሱን የሚመራው በጭኑና በእርካቡ ነው። ወገቡ ተጠምዞ፣ ጋሻው ጀርባው ላይ ወጥቶ፣ ፈረሱ ግን ቅንጣት ሳይዘገይ ሲያልፍ ያየሁ እንደሆነ ከተቀመጥኩበት እነሣለሁ። ጎበዝ የሆነማ ጎንበስ ብሎ ዘንጉን በላዩ ያሳልፈዋል። የቱርኮቹ ጂሪትም የዚሁ ጨዋታ ዘመድ ነው፤ እዚያም ዘንግ ይወረወራል፣ ሸሺውም ኮርቻው ላይ ይተጣጠፋል።

የፈረሰኞቹ ጎፈርና ለምድ ያምራል፤ ፎቶ ሁሉ የሚነሣው እሱ ነው። ግን ፎቶ ለማንሣት ብላችሁ ፈረስ በሚሮጥበት መስመር ላይ አትቁሙ፤ ተባራሪው ወደ ኋላ እያየ ነው የሚጋልበው፣ ፊቱ ያላችሁትን አያያችሁም። ልጅ አዝሎ እዚያ የሚቆም ሰው አይቼ ተቆጥቻለሁ፤ ዘንድሮም እቆጣለሁ።

የፈረስ ስም የክብር መጠሪያ ሆኖ የኖረባት አገር ናት ይህች። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ የተባሉት በፈረሳቸው ስም ነው። አዊ ውስጥ ደግሞ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓድዋ የዘመቱትን አባቶችና ፈረሶቻቸውን እያሰበ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ በዓሉን ያከብራል። ጃን ሜዳን በጥር 11 ያየ ሰው እንጅባራ ለመድረስ ቀን አያንሰውም።