ፋርማኮሎጂ ከተማሪው ምን ይጠይቃል?

የሕክምና ተማሪ ፋርማኮሎጂን የሚያገኘው አናቶሚን፣ ፊዚዮሎጂንና ባዮኬሚስትሪን ካለፈ በኋላ ነው። በአገራችን የሕክምና ትምህርት ቤቶች በቆየው አሠራር ኮርሱ የሚሰጠው ተማሪዎች «ፒሲ ቱ» በሚሉት በሁለተኛው የቅድመ ክሊኒክ ዓመት፣ ከፓቶሎጂና ከማይክሮባዮሎጂ ጋር ጎን ለጎን ነው። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ኮርሱን ከፋፍለው የልብን መድኃኒት ከልብ ሕመም፣ የሳንባን ከሳንባ ሕመም ጋር ያስተምራሉ። ያም ሆኖ ጤነኛው አካል እንዴት እንደሚሠራ ያልተማረ ወደ መድኃኒቱ አይገባም።

ይህ ቅድመ ሁኔታ ለሬጅስትራር ወረቀት ማሟያ ተብሎ የተቀመጠ አይደለም። ለልብ ድካም የሚታዘዘውን ዲጎክሲንን እንውሰድ። ኩላሊቱ ደህና በሆነ ሰው ደም ውስጥ ያለው የዲጎክሲን መጠን በግማሽ ለመቀነስ 36 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት በደም ውስጥ የሚረጋው እንዲህ ያለው ጊዜ አራት አምስት ጊዜ ሲደጋገም ስለሆነ፣ ዲጎክሲን ለመርጋት ሳምንት ያህል ያስፈልገዋል። የሚወገደው ደግሞ በአብዛኛው በኩላሊት ነው። ኩላሊታቸው የደከመ አንዲት እናት ለጤነኛ ኩላሊት የታሰበውን መጠን በየዕለቱ ቢወስዱ መድኃኒቱ እየተጠራቀመ ማቅለሽለሽ፣ የእይታ ብዥታ፣ አልፎም ለሕይወት የሚያሰጋ የልብ ምት መዛባት ያመጣባቸዋል። ኩላሊት ደምን እንዴት እንደሚያጣራ ያልገባው ተማሪ «መጠኑ ይቀነስ» የሚለውን በቃሉ ሊይዘው ይችላል፤ በምን ያህል እንደሚቀነስ ማስላት ግን ያቅተዋል።

ከትምህርት ገበታ መቅረትን በሚመለከት ደንቡ ለሌክቸርና ለላብራቶሪ አንድ ዓይነት አይደለም። ያመለጠ ሌክቸር ከሃንድአውትና ካትዙንግ ከተባለው የፋርማኮሎጂ መማሪያ መጽሐፍ ይካካሳል። ያመለጠ ላብራቶሪ ግን በንባብ አይተካም፤ ስለዚህ በዚያ በኩል ቁጥጥሩ ይጠብቃል፣ መጠበቅም አለበት እላለሁ። ከቆዩት የተግባር ልምምዶች አንዱን ማየት ይበቃል። ከጥንቸል ቀጭን አንጀት ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ተቆርጦ ታይሮድ በሚባል የጨውና የግሉኮስ ፈሳሽ ውስጥ ይንጠለጠላል። ፈሳሹ 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይጠበቃል፤ ኦክስጅንም አረፋ እየሠራ ይገባበታል። ቁራጩ ከእንስሳው ከተለየ በኋላም በራሱ ጊዜ እየተኮማተረ እየላላ ይቆያል፤ እንቅስቃሴውም በመስመር እየተሳለ ይወጣል። አሴቲልኮሊን ጠብ ሲደረግበት መስመሩ ሽቅብ ይዘላል። ፈሳሹ ተቀይሮ፣ አንጀቱ ታጥቦ ወደ ቀድሞ ምቱ ሲመለስ መጀመሪያ አትሮፒን፣ ቀጥሎ ያው አሴቲልኮሊን ይጨመራል። አሁን መስመሩ የለመደውን ምት ይዞ ይቀጥላል እንጂ አይዘልም፤ አሴቲልኮሊን የሚያርፍበትን ቦታ፣ ማለትም ሪሴፕተሩን፣ አትሮፒን ቀድሞ ይዞበታል። ተማሪው «ሪሴፕተር» የሚለውን ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ በዓይኑ እንዳየው ነገር ይናገረዋል።

በዚህ ክፍል ጋዋንና ጓንት መልበስ፣ በሁለት ጠብታ መካከል አንጀቱን ማጠብና መታገስ፣ የታየውን እንደታየ መመዝገብ ግዴታ ነው። ከመጽሐፉ ጋር ያልገጠመ ውጤት አይሰረዝም፤ ምክንያቱ ይፈለጋል። እንስሳቱን የሚመለከተው ደንብ ራስል እና በርች የተባሉ እንግሊዛውያን እ.ኤ.አ. በ1959 ካወጡት መጽሐፍ የመጣ ነው፦ በሌላ ዘዴ መተካት ከተቻለ ይተካ፣ ቁጥሩ ይቀነስ፣ ሥቃዩ ይቃለል። በዚህ የተነሳ በብዙ ቦታ ልምምዱ ወደ ኮምፒውተር ምስለ ሙከራ ተዛውሯል። ለእንስሳው መልካም ነው። ተማሪውም ቢሆን ፕሮግራሙ የሚያሳየው መስመር ከምን ዓይነት ሕያው አካል እንደተገኘ ቢያንስ አንድ ጊዜ በቪዲዮ ሊያየው ይገባል።

ከሁሉ ይልቅ ሊጠብቅ የሚገባው ግን የማዘዣ አጻጻፍ ነው። ተማሪው መድኃኒቱን በፋብሪካ ስሙ ሳይሆን በጄኔሪክ ስሙ ይጽፋል። የታካሚው ስም፣ ዕድሜ፣ ጾታና ክብደት፣ የመድኃኒቱ ዓይነትና ጥንካሬ፣ በቀን ስንት ጊዜና ለስንት ቀን እንደሚወሰድ፣ የአዛዡ ስምና ፊርማ፣ አንዱም አይጎድልም። ግማሽ ሚሊግራም ሲጻፍ ከነጥቡ በፊት ዜሮ ይቀመጣል፤ 0.5 መሆን ያለበት .5 ተብሎ ከተጻፈ ነጥቧ ካልታየች አምስት ይሆናል፣ በሽተኛው አሥር እጥፍ ይወስዳል። አምስት ሲጻፍ ደግሞ 5 ብቻ ነው፤ 5.0 ቢባል ሃምሳ ተብሎ ይነበባል። ስሌቱም እንዲሁ ነው። 8 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ፓራሲታሞል በኪሎ 15 ሚሊግራም ቢታዘዝለት 120 ሚሊግራም ይደርሰዋል፤ ሽሮፑ በ5 ሚሊሊትር 120 ሚሊግራም የያዘ ከሆነ መልሱ 5 ሚሊሊትር ነው። ቀላል ይመስላል። ነገር ግን እዚህ ላይ ለተሳሳተ ተማሪ ለዘዴው ተብሎ ግማሽ ነጥብ መሰጠቱን አልደግፍም፤ ሕፃኑ የሚውጠው ዘዴውን አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣው የማዘዣ መመሪያ ከዚህ አንድ እርምጃ ይቀድማል። ተማሪው ለተለመዱ ሕመሞች የራሱን መድኃኒት አስቀድሞ እንዲመርጥ ያዘዋል፤ መመዘኛዎቹም ፈዋሽነት፣ ደኅንነት፣ ለታካሚው መስማማትና ዋጋ ናቸው። ዋጋ ከሳይንሱ እኩል መቀመጡ ተገቢ ነው። ከኪሱ የሚከፍል ሰው የሰባት ቀኑን መድኃኒት ለሦስት ቀን ብቻ ገዝቶ ከሄደ ሕክምናው ተቋርጧል፤ ተማሪውም ይህን አስቦ መምረጥን የሚለማመደው ገና በክፍል ሳለ ነው።

ቅር የሚያሰኘኝ የፈተናው ዓይነት ነው። ብዙው ጥያቄ ምርጫ ስለሆነ ተማሪው የስም ጭራ እየያዘ ያልፋል፦ በ«ኦሎል» የሚያልቅ ለደም ግፊት፣ በ«ፕሪል» የሚያልቅም እንደዚያው። በዚህ መንገድ ከሚያመልጡት ነገሮች አንዱ በቀጥታ የእኛ ጉዳይ ነው። ኮዴይን ሕመም የሚያስታግሰው በጉበት ውስጥ ሲዋይፒ ቱዲሲክስ የተባለው ኢንዛይም ወደ ሞርፊን ሲለውጠው ነው። እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው በኢትዮጵያውያን ላይ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ሥራ ከተመረመሩት ሰዎች 29 በመቶ የሚሆኑት የዚህ ኢንዛይም ጂን ከተለመደው ቁጥር በላይ እንዳላቸው ታይቷል፤ በሰሜን አውሮፓ እንዲህ ያለው ሰው ጥቂት ነው። የእነዚህ ሰዎች ጉበት ሞርፊኑን በፍጥነትና በብዛት ስለሚያወጣ የተለመደው መጠን ትንፋሽ እስከ ማፈን ሊደርስ ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 ኮዴይን ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጥ የከለከለውና ለሚያጠቡ እናቶች እንዳይታዘዝ የመከረው በዚሁ ሥጋት ነው። የእኛ ተማሪዎች የሚያነቧቸው መጻሕፍት በአብዛኛው የተጻፉት ለሌላ አገር ተማሪ ስለሆነ፣ ይህን ቁጥር ወደ ክፍል የሚያመጣው መምህሩ ነው። በፈተናውም «ለምታጠባ እናት ኮዴይን ታዝዛለህ? ለምን?» የሚል፣ መልሱ በጽሑፍ የሚሰጥ ጥያቄ ሊኖር ይገባል።