ፎቶ ቤት የተሰቀለውን ኮት አትንኩት

ኮቱን ታውቁታላችሁ። ፎቶ ቤቱ በር አጠገብ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ከጎኑ ቋጠሮው ተፈትቶ የማያውቅ ከረባት አለ። ወልድያ ሂዱ፣ መርሳ ሂዱ፣ ውርጌሳ ሂዱ፤ አንድ አታጡም። ጉርድ ፎቶ ሊነሳ የገባ ሁሉ ይለብሰዋል። ትከሻው ከሰፋ ፎቶ አንሺው ከጀርባ በመርፌ ቁልፍ ይሰበስበዋል። ለመታወቂያው፣ ለሥራ ማመልከቻው፣ ለትምህርት ማስረጃው፣ ያ ኮት ስንቱን ጨዋ አስመስሎ ሸኝቷል!

አሁን ጠጋ በሉ። ያ ኮት አዲስ አበባም ይመጣል። እኛ ጋ። ዛሬ በአንዱ ልጅ ትከሻ ላይ፣ በሚቀጥለው ሳምንት በሌላው። ተዋናይ የምንመርጥ ሰዎች ልጁን ከማወቃችን በፊት ኮቱን ለይተን እናውቀዋለን።

እኔ የሀብሩ ልጅ ነኝ። የምሠራው ተዋናይ በሚመረጥበትና አልባሳት በሚዘጋጅበት በኩል ነው። ከወልድያና ከመርሳ የመጣ ፎቶ ሲከፈት ከሁሉም ቀድሜ አንገቴን የማሰግገው እኔ ነኝ። ያገሬ ልጅ በኮት ምክንያት ሲታለፍ ደግሞ ያንገበግበኛል። ስለዚህ የውስጡን ላውራችሁ።

የተዋናይ ፍለጋ ማስታወቂያው ምን ይላል? «አንድ ጉርድና አንድ ሙሉ ፎቶ ላኩ።» በቃ። ስለ ልብስ ትንፍሽ አይልም። እናንተም ጉርድ ሲባል ያው የመታወቂያው መሰላችሁ፤ ኮቱን አጠለቃችሁ፣ ጆሯችሁን አሳያችሁ፣ ትንፋሻችሁን ዋጣችሁ። እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚበላሸው። መታወቂያ የሚፈልገው ማን እንደሆናችሁ ነው። እኛ የምንፈልገው ማን ልትሆኑ እንደምትችሉ ነው።

ፎቷችሁ እንዴት እንደሚታይስ ታውቃላችሁ? በትልቅ ስክሪን፣ በጸጥታ፣ በክብር እንዳይመስላችሁ። በቴሌግራም ይመጣል። ስልክ ላይ ይከፈታል። ከሌሎች ብዙ ፎቶዎች ጋር ተደርድሮ መጠኑ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ነው። አዘጋጁ ምሳ አዞ እየጠበቀ ጣቱን ወደ ላይ ይገፋል። አለፈ። አለፈ። አለፈ። ቆመ! ምን አስቆመው? ዓይን። ሁልጊዜ ዓይን ነው። የአንገት ሐብል ያስቆመው ሰው አላየሁም።

የወልድያ ልጅ ደግሞ ከአዲስ አበባው ልጅ ይልቅ ይህን ማወቅ አለበት። የአዲስ አበባው ልጅ ፎቶው ባይሳካ ታክሲ ይዞ በአካል ይመጣል። ከወልድያ አዲስ አበባ 521 ኪሎ ሜትር ነው። ያን መንገድ ቀድሟችሁ የሚሄደው ፎቷችሁ ነው። ስለ እናንተ የሚናገረው እሱ ብቻ ነው፤ እንግዲህ ምን አልብሳችሁ እንደምትልኩት አስቡበት።

የመጀመሪያው ምስጢር ይኸው፦ ልብስ እኛ አለን። የንጉሥ ካባ ቢሉ፣ የወታደር ጫማ ቢሉ፣ የሙሽራ ቬሎ ቢሉ አይጠፋም። ድራማ ላይ ያያችሁት የሀብታሟ ሴት ካፖርትም ብዙ ጊዜ ከሰልባጅ ተራ የተገዛ ነው። የአገራችን ቴአትር ከድሮም ሰው አልባሽ ነው። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ተመሠረተ፣ ዛሬ ብሔራዊ የምንለው ቴአትር ቤት በ1948 ዓ.ም. ተከፈተ። እነ አስናቀች ወርቁ ወደ መድረክ እስኪወጡ ድረስ የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ቀሚስ የለበሱ ወንዶች ነበሩ። ቀሚሱ ሞልቶ ነበር፤ የጠፋችው ሴቷ ነበረች። ዛሬም እንደዚያው ነው። ልብስ አንቸገርም፤ የምንቸገረው ሰው ነው።

ማስረጃ ትፈልጋላችሁ? የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» ፊልም በጥር 2006 ዓ.ም. ሰንዳንስ ፌስቲቫል ላይ የተመልካቾችን ሽልማት ወሰደ። በፊልሙ የተጠለፈችውን ተማሪ ሆና የተጫወተችው ትዝታ ሀገሬ በፊልም ፊቷ የማይታወቅ ልጅ ነበረች። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በግንቦት 2007 ዓ.ም. ለካን ፌስቲቫል በቃ፤ በፌስቲቫሉ ይፋዊ ምርጫ የተካተተ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም እሱ ነው። ከበጉ ጋር የሚንከራተተውን ልጅ የሆነው ረድኤት አማረም ስም ያለው ተዋናይ አልነበረም። ሁለቱንም ለዚያ ያበቃቸው ሱፍና ከረባት አይደለም።

እሺ፣ ታዲያ ምን ይለበስ? ከቀለም እንጀምር።

ነጩን የሀገር ልብስ እወዳለሁ። ለዚህ ፎቶ ግን ጠላት ነው። ለምን? የስልክ ካሜራ ዓይኑ ሞኝ ነው። ደረታችሁ ላይ ብዙ ነጭ ሲያይ ብርሃን የበዛ ይመስለውና ሁሉንም ነገር ያጨልማል። ጥበቡ ቁልጭ ብሎ ይወጣል፤ ፊታችሁ ይጠፋል። ነጠላ የግድ ከሆነ ጥላ ውስጥ ቁሙ፤ ፎቶ የሚያነሳው ሰውም ስክሪኑ ላይ ፊታችሁን በጣቱ ነካ ያድርግ። ያኔ ካሜራው የሚለካው ፊታችሁን ይሆናል። ይህን ብቻ ብታውቁ ከግማሹ አመልካች ትበልጣላችሁ።

ጠይም ከሆናችሁ ወይን ጠጅ፣ ጠቆር ያለ አረንጓዴ፣ የሰናፍጭ ቀለም፣ የሸክላ ቀለም ያወጣችኋል። ጥቁር ከሆናችሁ ውሃ ሰማያዊና ለስለስ ያለ ቢጫ ሞክሩ፤ ፊታችሁ ይበራል። ቀይ ከሆናችሁ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ያምርባችኋል፤ ከቆዳችሁ ጋር የሚመሳሰለውን ክሬም ተዉት። መፈተኛው ቀላል ነው። መስተዋት ይዛችሁ በር ላይ ቁሙ። ልብሱን ከአገጫችሁ ሥር ያዙት። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ግለጡ። መጀመሪያ ያያችሁት ጨርቁን ነው? መልሱት። ዓይናችሁን ነው? እሱን ልበሱ።

ቆዳ የሚያነጣውን ፊልተር ደግሞ በአምላክ አትንኩት። ይህ ነገር የቆየ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ፎቶ የሚያጥቡ ቤቶች ቀለም የሚያስተካክሉት ኮዳክ በሚልከው የአንዲት ነጭ ሴት ፎቶ ነበር፤ «የሸርሊ ካርድ» ይሉታል። የሷ ፊት ካማረ ሥራው አለቀ፤ የጥቁር ሰው ፊት ጨለመ አልጨለመ የሚጠይቅ አልነበረም። ዛሬ ማሽኑ ተሻሽሎ ጠይምነታችንን በትክክል ሊያወጣ ሲችል፣ በገዛ ጣታችን ልናጠፋው? ደግሞም ጥቅም የለውም። ከፎቶው ሁለት እጥፍ ጠይም ሆናችሁ በሩን ስትከፍቱ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ትወና አይሆንም።

ቀጥሎ፣ የሚርመሰመሰውን ልብስ ተዉ። ቀጫጭን መስመር ያለው ሸሚዝና ደቃቅ ዳማ በዲጂታል ካሜራ ሲነሳ ማዕበል መሳይ ነገር ይሠራል። ሳቲን ያብለጨልጫል። ጽሑፍ ያለበት ቲሸርት ይነበባል፤ እናንተን ማን ያነባል? ማሊያም ያው ነው። ክፍሉ ውስጥ የአርሰናልና የማንቼ ጭቅጭቅ ከተነሳ ፎቷችሁን የሚያስታውስ አይኖርም።

አንገትጌው ላይ ጊዜ ውሰዱ፤ በጉርድ ፎቶ ከልብሳችሁ የሚታየው እሱ ነውና። አንገታችሁ አጠር ያለ ከሆነ ወደ ታች ሾል ያለ ክፍት አንገት ያስረዝምላችኋል። ረዘም ያለ ከሆነ ክብ አንገት ወይም ኮሌታ። የታጠበ፣ የተተኮሰ፣ ልካችሁ የሆነ አንድ ባለ አንድ ቀለም ሸሚዝ ከአሥር ሱፍ ይበልጣል። የመርሳ ልጆች፣ ሙቀቱን ታውቁታላችሁ፤ ሸሚዙን ለብሳችሁ አትሂዱ። በማንጠልጠያ ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ቀይሩ። ላብ የነካው ኮሌታ በፎቶ ላይ ከሰው ቀድሞ ይታያል።

አሁን ድምፄን ልቀንስ። በነሐሴ አጋማሽ ማግስት የሚደርሱን ፎቶዎች አሉ። የላስታ አሸንድዬ፣ የቆቦ ሶለል በዓላት። ሹሩባው፣ ድሪው፣ ጥልፉ፣ ወገብ ላይ ያለው ቅጠል! ክፍሉ ሁሉ «ወይ ወሎ!» ይላል። ከዚያስ? ከዚያ ያልፋል። ያዩት በዓሉን ነው፤ ልጅቷን አላዩም። እንደዚሁ ሽርጥ አገልድሞ፣ ጀለቢያ ለብሶ የገጠር ሰው የሚመስል፣ የፖሊስ ልብስ ተውሶ ፖሊስ የሚመስል አለ። ሚናውን ጨርሳችሁ አትምጡ። ጫፉን ብቻ ጠቁሙ። ጠበቃ ትመስያለሽ ይሉሻል? ኮሌታ ያለው ሸሚዝ ይበቃል። የሰፈር ጎረምሳ ትመስላለህ? የጅንስ ጃኬት ይበቃል። የቀረውን እኛ እንጨርሰዋለን፤ መጨረስም ደስ ይለናል።

የማተቡና የሒጃቡ ነገር በሹክሹክታ ይጠየቃል። «ላውልቀው? ሚና ይከለክለኛል?» የወሎ ልጅ ጥያቄ ነው፤ አንዱ ቤት ውስጥ ሁለቱም አሉና። መልሴ አንድ ነው። በኑሯችሁ የማታወልቁትን ለፎቶ አታውልቁ። ለቀረጻ የማታወልቁ ከሆነ ቀድሞ መታወቁ ለእናንተም ለእኛም ይበጃል፤ ሥራ ላይ ከመጣላት ያድናል። ባይሆን ሻሹ ባለ አንድ ቀለም ይሁን፣ ፊት ላይ ጥላ እንዳይጥል ከግንባር ገፋ ይበል። ሌላውን ጌጥ ግን ቤት ተዉት።

ሁለት ልብስ ያዙ። አንዱ ለዘብ ያለ፣ አንዱ ቆፍጠን ያለ። በለስላሳው ሹራብ እህት፣ ሚስት፣ መምህርት ትሆኛለሽ። በኮሌታው አለቃ፣ ነጋዴ፣ ተንኮለኛ። ሁለቱም አንቺ ነሽ፤ እኛም ሁለት በር ይከፈትልናል። ለሙሉው ፎቶ ልካችሁ የሆነ ሱሪ ወይም ቀሚስ፤ የቁመታችሁን እውነት የሚያሳይ። ሰውነት አጋልጣችሁ ተነሱ የሚላችሁ ካለ ያ ሰው ተዋናይ እየፈለገ አይደለም። ለእናታችሁ ለማሳየት የምታፍሩትን ፎቶ ለማንም አትላኩ።

ብርሃኑ ደግሞ በነጻ ነው። ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት፣ ከቀትር በኋላ ከ10 ሰዓት ወዲህ፣ በረንዳ ጥላ ውስጥ ቆማችሁ ፊታችሁን ወደ ውጭ አዙሩ። የቀትር ፀሐይ ዓይናችሁ ሥር ጥቁር ጉድጓድ ይቆፍራል። ከኋላ ባዶ ግድግዳ ካለ ይበቃል። ፏፏቴና አበባ የተሣለበት መደብ አያስፈልግም።

ሌላም የማይነገር አለ፦ ከተጠራችሁ በፎቶው ያለውን ልብስ ለብሳችሁ ኑ። እኛ ስም አንይዝም። «ያቺ ሰናፍጭ ሹራብ» እያልን ነው የሰነበትነው። ሰናፍጩ ሹራብ በበሩ ሲገባ ሁላችንም ቀና እንላለን። ልብሱ ለፊታችሁ ውለታ የሚመልሰው ያን ጊዜ ነው።

ከናንተ መካከል ጠበብ፣ ጎስቆል ያለ ሸሚዝ ብቻ አለኝ ብሎ የሚሳቀቅ ካለ፣ አብሽር በሉት። ጎረቤት ይዋስ። ከሰልባጅ ይምረጥ። ይጠብ፣ ይተኩስ። ከዚያ ዓይኑን ወደ ካሜራው አንስቶ አንድ የሚወደውን ሰው ያስብ። ያ ሰው ለእሱ ምን እንደሆነ እኛም እናየዋለን።

ፎቶውን ስትልኩ ስማችሁንና የምትኖሩበትን ከሥሩ ጻፉ። «ወልድያ» ብላችሁ ጻፉ፤ «አዲስ አበባ» ብላችሁ አትዋሹ። ከዚያ ስልካችሁን አትዝጉ፤ የምንደውለው ከማታውቁት ቁጥር ነው። ደዋዩ የመመዝገቢያ ብር ካላችሁ ጆሮው ላይ ዝጉት። «መቼ መድረስ ትችላለህ?» ካላችሁ ግን ቀኑን ንገሩትና ሸሚዙን ተኩሱ። እኛ ነን።