አንድ ቃል በሦስት መጻሕፍት፦ የሚወራረሱ ጥቅሶችና ትርጓሜያቸው



ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ ሐዋሳ በማስተምርበት ክፍል አንድ ተማሪ እጁን አንሥቶ፣ «ይሁዳ ከሄኖክ ከገለበጠ፣ ቃሉ የማን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም ቸኩዬ ስለ መጻሕፍቱ ዘመን ቅደም ተከተል አስረዳሁትና ወደ ቀጣዩ ርእስ አለፍሁ። ተማሪው የጠየቀው ግን ስለ ዘመን አልነበረም፤ የተደገመ ቃል ክብሩ ይቀንስ እንደሆነ ነበር። የዛሬው ንግግሬ ለእርሱ የዘገየ መልስ ነው።

ጥያቄው የተነሣው ከመጽሐፈ ሄኖክ 1፥9 እና ከይሁዳ መልእክት ቁጥር 14 እና 15 ነው። ሁለቱም ስለ አእላፍ ቅዱሳንና ስለሚመጣው ፍርድ ይናገራሉ። ይሁዳ ምንጩን አልሸሸገም፤ ከአዳም ሰባተኛ የሆነውን ሄኖክን በስሙ ጠርቶ ይጠቅሳል። ይሁን እንጂ ሥዕሉ ከሄኖክም አልጀመረም። በዘዳግም 33፥2 ሙሴ ከማረፉ በፊት እስራኤልን ሲባርክ፣ የእግዚአብሔርን ከሲና መምጣት ከቅዱሳን እልፍ ጋር አያይዞ ያነሣል። ሄኖክም በዚያው ምዕራፍ የሲናን ተራራ ስለሚጠቅስ ዝምድናው አያጠራጥርም።

አሁን ልዩነቱን እንመልከት። በዘዳግም መምጣቱ ያለፈ ነገር ነው፤ ከሕግ መሰጠት ጋር ይያያዛል። በሄኖክ ወደፊት የሚሆን ነው፤ ፍጥረትን ሁሉ ለመፍረድ ነው። በይሁዳ ደግሞ ወደ ምእመናን ጉባኤ ሾልከው በገቡ ሐሰተኞች ላይ የተነገረ ማስጠንቀቂያ ሆኗል፤ «ጌታ» የሚለውንም ክርስቲያኖች የክርስቶስ ዳግም ምጽአት አድርገው ያነብቡታል። ቃሉ ተቀራራቢ ሆኖ ሳለ፣ የሚነገርበት ጊዜና የሚነገረው ሰው ሲለወጥ ትርጉሙም ተለውጧል።

የጥንት ሊቃውንትም በዚህ ጥቅስ ተለያይተዋል። ጠርጡልያኖስ ይሁዳ መጥቀሱን ለሄኖክ መጽሐፍ ምስክር አደረገው። ሄሮኒሞስ በአንጻሩ፣ ብዙዎች ይሁዳን ራሱን የተጠራጠሩት ሄኖክን በመጥቀሱ እንደሆነ ጽፏል። በእኛ አገር ሁለቱም ከ81ዱ ቅዱሳት መጻሕፍት ውስጥ ስለሚቆጠሩ ጭንቀቱ ይህን መልክ አልያዘም። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የተጠበቀው በግእዝ ብቻ ነው፤ ጄምስ ብሩስ ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ ያደረሰው በ1773 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በቁምራን የተገኙት የአራማይክ ቁርጥራጮች በ1976 እ.ኤ.አ. ታትመዋል።

ከመጽሐፉ ጋር የንባብ ስልትም አለን። የአንድምታ መምህር ንባቡን በግእዝ ያሰማል፣ በአማርኛ ይፈታል፣ ከዚያ «አንድም» እያለ ሌላ ትርጓሜ ያክላል። ኋለኛው ፊተኛውን አይሽረውም። በዚህ መንገድ ካነበብን፣ በእኔ አስተያየት፣ የአእላፉ ቃል አንድም የሲናን ነገር ያስታውሳል፤ አንድም የሚመጣውን ፍርድ ይናገራል፤ አንድም ጉባኤን ያስጠነቅቃል። ይህ ማለት ግን ያሻንን እንላለን ማለት አይደለም፤ እያንዳንዱ «አንድም» ከንባቡና ከታሪኩ ማስረጃ ሊኖረው ይገባል።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በሕንድ አገር በአንድ ዛፍ ላይ ስለተቀመጡ ሁለት ወፎች፣ አንዱ ፍሬ ሲበላ ሌላው ዝም ብሎ ስለሚመለከተው፣ የሚናገር ጥቅስ በሪግቬዳ፣ በሙንዳካና በሽቬታሽቫታራ ኡፓኒሻዶች ይገኛል። ማድህቫ በዚህ ጥቅስ የነፍስና የአምላክ ልዩነት እውነተኛ መሆኑን ሲያስረዳ፣ የሻንካራ ትምህርት ተከታዮች ግን ልዩነቱ የመጨረሻው እውነት አይደለም ይላሉ። ጥቅሱን የጋራ ማድረጋቸው ከክርክር አላዳናቸውም፤ እንዲያውም የሚከራከሩበትን አንድ መድረክ ሰጣቸው።

እንግዲህ ለዚያ ተማሪ ዛሬ ብመልስለት፣ ቃሉ የማን እንደሆነ ከመጠየቅህ በፊት በእያንዳንዱ መጽሐፍ ለማን፣ መቼና ስለ ምን እንደተነገረ ጠይቅ እለው ነበር። መደገሙ ቃሉን አያረክሰውም፤ ሰዎች በአዲስ መከራ ፊት ሲቆሙ የተመለሱበት ቃል እንደነበረ ያሳያል። እናንተም በጥናታችሁ ተመሳሳይ ጥቅስ ስታገኙ «ተገልብጧል» ብላችሁ ገጹን አትዝጉ፤ የእኔን ችኮላ አትድገሙት።